ደኑን የጠበቀው ማን ነው?

በራዲዮ ለጎልማሶች የንባብ ትምህርት የቀረበ ንግግር

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ደን፣ ስለ ሳርና ስለ አራዊት ነው። ነገር ግን ከአራዊቱ ይልቅ ስለ ሰዉ እናወራለን። ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ደን ወይም አንድ ተራራ «ይጠበቅ» ሲባል፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀው ሕዝብ ቦታው የት ነው? ጠባቂ ነው ወይስ ተባራሪ? በዚህ ጉዳይ የዓለም መንግሥታት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲነጋገሩ ቆይተዋል። ንግግራቸው በሩቅ አገር አዳራሽ ይደረግ እንጂ፣ ውሳኔው የሚያርፈው ከብት በሚጠጣበት ወንዝና ቀፎ በሚሰቀልበት ዛፍ ላይ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እንማር። ቃሉ «ብዝሀ ሕይወት» ይባላል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ብዝ-ሀ ሕይ-ወት። ብዝሀ ማለት ብዛት፣ ዓይነቱ መብዛት ማለት ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ዛፉም፣ ሳሩም፣ ወፉም፣ ንቡም፣ በአፈር ውስጥ ያለው ትሉም፣ ዓይነቱ ሲበዛ ብዝሀ ሕይወት ይባላል። የዱር ነገር ብቻ አይደለም። በጎተራችሁ ያለው እህልም አለበት። ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ፣ ሰነፍ ቆሎ ሁሉም ገብስ ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። አንዱ ውርጭ ይችላል፤ ሌላው ቶሎ ይደርሳል፤ ሌላው ለጠላ ይሆናል። ይህን ልዩነት ለይቶ፣ ስም አውጥቶ፣ ከዓመት ዓመት ዘሩን ያቆየው ማን ነው? ገበሬውና ባለቤቱ ናቸው። ተማሪ ቤት ሳይገቡ ያወቁት ዕውቀት ነው።

እንግዲህ አንድ አገር በምሳሌ እንይ።

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጅብራ እንደ ዘበኛ ቆሞበታል። ጓሳ የሚለውን ስም ያገኘው ከሳሩ ነው፤ ሳሩም ጓሳ ነው የሚባለው። ይህ ሳር ረጅምና ጠንካራ ነው። ለቤት ክዳን ይሆናል። ገመድ ይገመድበታል። ገሳ ይሠራበታል፤ እረኛ በዝናብ የሚደርበው ያ ገሳ። የማገዶ ቁጥቋጦም ከዚያው ይለቀማል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ለከብቱ የመጨረሻ መጠጊያ ጓሳ ነው። ከዚያ የሚፈልቁት ምንጮች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

በ17ኛው መቶ ዓመት ገደማ የመንዝ ሰዎች ለዚህ ሳር ሕግ አወጡለት። ሕጉ «ቄሮ» ይባላል። ቃሉ በዛሬ ጆሮ ሌላ ነገር ያስታውስ ይሆናል፤ በመንዝ ግን የሳር ሕግ ነው። ሕጉን የሚያስከብረውን ሰው ሕዝቡ ይመርጠዋል፤ መጠሪያውም አባ ቄራ ነው። አገሩን አቀኑ የሚባሉት አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው። የአስቦ ወገን የራሱ፣ የጌራ ወገን የራሱ አባ ቄራ ነበረው።

ሕጉ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጓሳ ይዘጋል። የሚዘጋው ለአንድ ዓመት እንዳይመስላችሁ፤ ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ማጭድ አይገባም፤ ከብትም አይገባም። ሳሩ ደርሷል ሲባል አባ ቄራው የሚከፈትበትን ቀን ያስታውቃል። የሚከፈተው በበጋ ነው፤ ሌላው መስክ ሲራቆት፣ የከብቱ ጎን ሲቆጠር። መጀመሪያ ሰው ያጭዳል። ቀጥሎ ከብት ይሰማራል። ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ሾልኮ የገባ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም።

ለምን ይህን ያህል ዓመት? ሳሩ ለክዳን እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። በየዓመቱ ቢታጨድ ይሳሳል፤ ሥሩም ይደክማል። ከብቱ በክረምት እርጥብ መሬት ላይ ቢገባ ደግሞ ይረጋግጠዋል፤ አፈሩ ይታጠባል። እንግዲህ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ ሥርና ስለ አፈር አውቀው ነው ያወጡት። ያሰቡት ለቤታቸው ክዳንና ለከብታቸው ነበር። «አራዊት እንጠብቅ» ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም። ሆኖም ሳሩ ሲጠበቅ በሳሩ ሥር የሚኖሩት አይጦች ተጠበቁ። አይጦቹ ሲኖሩ ቀይ ቀበሮ ኖረ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት በሙሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። በጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በብዛት አሉ። ቀይ ቀበሮው ከጭላዳዎቹ መንጋ መካከል ገብቶ ቀስ እያለ ይሄዳል። ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ እነርሱም አይሸሹትም። ምክንያቱ ምን ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ በ67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን ግን በ25ቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጉርብትና የታየው ሳሩ ስላልጠፋ ነው።

ቄሮ እንከን የሌለው ሕግ ነበር ማለቴ አይደለም። መብቱ በዘር የሚወረስ ነበር። ከአስቦ ወይም ከጌራ ያልተወለደ ሰው ሳሩን ከሩቅ ያይ ነበር። ሴቶችም በጉባኤው ድምፅ ነበራቸው ብዬ አላወራም። ያለፈውን ሁሉ ማሞገስ አያስፈልግም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ። ቄሮ የቆመው በርስት ላይ ስለነበረ አብሮ ወደቀ። አዋጁ በሌላው አገር ለነበረው ጭሰኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ያን አንዘነጋም። በጓሳ ግን ሳሩ ጠባቂ አጣ። ሁሉም የእኔ ነው አለ፤ ሁሉም አጨደ። አንዳንዱም ዳሩን አረሰ። ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አላየም። ከየገበሬ ማኅበሩ የተወከሉ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቁሞ መዝጋቱንና መክፈቱን በአዲስ መልክ ጀመረ። በዚህ ጊዜ መብቱ የዘር ሳይሆን የነዋሪ ሆነ። ከአካባቢው የተቀጠሩ ጠባቂዎችም ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በሕግ አወቀለት። መንግሥት አጥሮ፣ ሕዝብ አስወጥቶ የጠበቀው ሥፍራ አይደለም፤ ሕዝቡ ሲጠብቀው የኖረውን መንግሥት አጸደቀለት እንጂ።

አሁን ሌላውን መንገድ እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካ ውስጥ የሎውስቶን የሚባል ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው እርሱ ነው። በዚያ አገር ብዙ ዘመን ሲያድኑና ሲለቅሙ የኖሩ ነባር ሕዝቦች ነበሩ፤ እነርሱ እንዲወጡ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ «ተፈጥሮ ማለት ሰው የሌለበት ቦታ ነው» የሚል አሳብ ተስፋፋ። አሳቡ በቅኝ ገዥዎች እጅ ወደ አፍሪካ ገባ። ቅኝ ያልተገዛችው አገራችንም አልቀረላትም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአዋሽ ፓርክ ሲከለል የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት አጡ። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተባለ። ዋሊያው እንዲተርፍ እርሻውና ግጦሹ እንዲቀንስ ተጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወረ። በ2017 ቅርሱ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋሊያው ጥሩ ነው። ነገር ግን ገብስ እያረሰ፣ በግ እያረባ የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ በምን ይኖራል? ይህን ጥያቄ የዋሊያ ቁጥር አይመልሰውም።

የሁለተኛውን መንገድ ነገር ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ነው። ደብተር ያላችሁ ይህን ስም ጻፉ፤ ኦጊክ።

ኦጊኮች በማው ደን የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ማው ለኬንያ እንደ ውኃ ጎተራ ነው፤ ብዙ ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ። ኦጊኮች ከጥንት ጀምሮ አዳኞችና ማር ቆራጮች ናቸው። ግንድ ፈልፍለው ቀፎ ይሠራሉ፤ ከዛፍ ላይም ይሰቅላሉ። ደኑን በየዘመዱ ይከፋፈሉታል። አከፋፈላቸው ደግሞ ብልሃት አለው። አንዱ ቤተሰብ ቆላውን፣ ሌላው ደጋውን አይወስድም። እያንዳንዱ ከታች እስከ ላይ የሚዘልቅ ቁራጭ ይይዛል። ለምን ቢባል፣ አበባ ከታችና ከላይ የሚፈካው በተለያየ ወር ነው፤ ማሩም እንደዚያው። ሁሉም ከየከፍታው ማር እንዲደርሰው ያደረጉት ዘዴ ነው። ኑሮው በዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ዛፍ ለመቁረጥ አይቸኩልም።

እነዚህ ሰዎች ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ በተደጋጋሚ ከደኑ ተባርረዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 የኬንያ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ለቃችሁ ውጡ የሚል ማስታወቂያ ሰጠ። የተሰጠው ምክንያት ደኑ ይጠበቅ፣ ውኃው ይዳን የሚል ነው። ምክንያቱ በጆሮ ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ጉዳዩ ወደ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሄደ፤ ከዚያም በ2012 አሩሻ ወደሚያስችለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በግንቦት 26 ቀን 2017 ነው።

ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ኦጊኮች በማው ደን መሬታቸው ላይ መብት አላቸው አለ። ሃይማኖታቸውም ባህላቸውም ከደኑ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ከደኑ ማባረር ይህንንም መብት መንካት ነው አለ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ስለ ደኑ የተናገረው ነው። ደኑን ኦጊኮች ለማጥፋታቸው ማስረጃ አልቀረበም፤ ደኑ የተመናመነው መንግሥት ራሱ ለሌሎች ሰፋሪዎች በሰጠው መሬትና በፈቀደው የእንጨት ቆረጣ ነው ሲል ወሰነ። ልብ በሉ፤ ደኑን ያስቆረጠው አካል ነው ደን ጠባቂውን በደን አጥፊነት የከሰሰው።

በሰኔ 2022 ፍርድ ቤቱ ካሣውን ወሰነ። ለጠፋው ንብረት 57,850,000፣ ለደረሰው የመንፈስ ጉዳት 100,000,000 የኬንያ ሽልንግ እንዲከፈል አዘዘ። ከገንዘቡ የሚበልጠው ሌላው ትእዛዝ ነው፤ መሬቱ ድንበሩ ተለክቶ በኦጊኮች የጋራ ስም ይመዝገብ ተባለ። በጋራ ስም መሆኑን አስምሩበት። አንድ ሰው ሸጦት የሚሄደው መሬት አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ተፈጸመ ወይ? እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023፣ ከፍርዱ በኋላ፣ በናሮክ በኩል ያሉ የኦጊክ ቤተሰቦች እንደገና ከማው ደን ተባረሩ፤ ቤቶችም ፈረሱ። ፍርድ ማግኘትና መሬት ማግኘት ሁለት ነገር ነው።

አሁን «ነባር ሕዝቦች» ስለሚለው ቃል ትንሽ ላስረዳ። አፍሪካ ውስጥ «ሁላችንም ነባር ነን» ይባላል፤ እውነትም አለበት። የአፍሪካ ኮሚሽን ግን ቃሉን የሚረዳው ማን ቀድሞ መጣ በሚል አይደለም። ኑሮውና ባህሉ ከአንድ ምድር ጋር የተቆራኘ፣ ራሱን የተለየ ሕዝብ አድርጎ የሚያውቅ፣ በሌሎች ተገፍቶ ወደ ዳር የቀረ ሕዝብ ማለቱ ነው። ኦጊኮች እንዲህ ናቸው። የመንዝ ገበሬ በዚህ መለኪያ ላይገባ ይችላል፤ እርሱ «የአካባቢ ማኅበረሰብ» ይባላል። የዓለሙ ስምምነት ሁለቱንም ይጠራል።

ስምምነቱ የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በሰኔ 1992 በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ለፊርማ ቀረበ። ኢትዮጵያ በ1994 አጸደቀችው። ዛሬ 196 አባላት አሉት። በአንቀጽ 8 ፊደል «በ» ተርታ በወረደ አንድ ቦታ፣ የነባርና የአካባቢ ማኅበረሰቦች ዕውቀትና ልማድ ይከበር፣ ይጠበቅ፣ ጥቅም ላይ ሲውልም ፈቃዳቸውና ተሳትፎአቸው ይኑርበት ይላል። መልካም ቃል ነው። ግን ከፊቱ «እንደየአገሩ ሕግ» የሚል ሐረግ ተቀምጧል። ሕግን የምታነቡ ሰዎች እንዲህ ያለውን ትንሽ ሐረግ አትለፉ፤ ትልቁ በር የሚዘጋው ብዙ ጊዜ በትንሽ ሐረግ ነው።

በ1992ቱ ስምምነት የተጻፈው «ነባርና የአካባቢ ማኅበረሰቦች» የሚል ነበር። የነባሮቹ ተወካዮች ይህን አልወደዱትም። «እኛ ሕዝቦች ነን፤ ሕዝቦች በሉን» አሉ። እኔ ሰዋስው የማስተምር ሰው ነኝና ይህ ክርክር ይገባኛል። ማኅበረሰብ ሲባል አንድ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ማለት ሊሆን ይችላል። ሕዝቦች ሲባል ግን በዓለም ሕግ የራሱን ዕድል የመወሰን መብት ያለው አካል ማለት ነው። ብዙ መንግሥታት የፈሩትም ይህን ነው። ክርክሩ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ ኮርያ በተደረገው ጉባኤ «ነባር ሕዝቦችና የአካባቢ ማኅበረሰቦች» ተብሎ እንዲጻፍ ተወሰነ። ከዚያ በፊት በመስከረም 2007 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ በ144 ድምፅ አጽድቆ ነበር። የተቃወሙት 4 ናቸው፤ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ። ኋላ ላይ አራቱም አሳባቸውን ለውጠዋል።

በጉባኤው ውስጥ እነዚህ ሕዝቦች እንዴት ይሳተፋሉ? እድር ታውቃላችሁ። በእድር ስብሰባ እንግዳ ቢመጣ ይከበራል፤ ተናገርም ይባላል። ውሳኔ ሲደርስ ግን እጁን አያወጣም። እነርሱም እንደዚያ ናቸው። ከ1996 ጀምሮ የጋራ መድረክ አላቸው፤ በጉባኤው ይናገራሉ። ሆኖም ያቀረቡት ቃል ከጽሑፉ እንዲገባ አንድ መንግሥት ተነሥቶ «እደግፋለሁ» ማለት አለበት። ካልተገኘ ንግግራቸው ንግግር ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በካናዳ፣ በሞንትሪያል፣ መንግሥታት ትልቅ ዕቅድ አወጡ። 23 ግቦች አሉት። ሦስተኛው ግብ በ2030 ከዓለም የብስና ባሕር 30 በመቶው ይጠበቅ ይላል። 30 በመቶ ማለት ምን ያህል ነው? 10 ጥማድ መሬት ብትወስዱ 3 ጥማዱ ማለት ነው። በ2024 በተደረገው ቆጠራ የተጠበቀው ከየብስ 17 በመቶ ያህል፣ ከባሕር 8 በመቶ ያህል ነበር። እንግዲህ የቀረው ብዙ ነው። የሚጨመረው ጥማድ ከየት ይመጣል? ከተማ መካከል አይገኝም። ደን፣ ሳርና አራዊት የቀሩት እንደ ጓሳና እንደ ማው ባሉ ቦታዎች ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰው አለ። ለዚህ ነው ብዙ ነባር ሕዝቦች ግቡን ሲሰሙ የተደናገጡት። አጥብቀው በመከራከራቸው በዚያው ግብ ውስጥ መብታቸው፣ የነባር ይዞታቸውም መብት ጭምር ይከበር የሚል ቃል ገባ። 22ኛው ግብም በውሳኔ መሳተፋቸውን፣ የሴቶችንና የወጣቶችንም ተሳትፎ ያነሣል። በኔ አስተያየት የዕቅዱ ዕጣ የተንጠለጠለው በዚህ ቃል ላይ ነው። 30 በመቶውን በጓሳ መንገድ መሙላት ይቻላል፤ በማው መንገድም መሙላት ይቻላል። በካርታ ላይ ሁለቱም አረንጓዴ ቀለም ተቀብተው አንድ ይመስላሉ።

ከዚያ በኋላ በ2024 በኮሎምቢያ፣ በካሊ ከተማ በተደረገው ጉባኤ፣ የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ የሚከታተል ቋሚ አካል እንዲኖር ተወሰነ። ቀድሞ የነበረው ጊዜያዊ የሥራ ቡድን ነበር። እጅ ማውጣት ባይሰጣቸውም የራሳቸው ወንበር አገኙ ማለት ይቻላል። እንዲሁም የዘር ሀብትን መረጃ ተጠቅመው የሚያተርፉ ኩባንያዎች የሚያዋጡበት ፈንድ ተቋቋመ፤ ቢያንስ ግማሹ ለእነዚህ ሕዝቦች እንዲደርስ ታስቧል። ማዋጣቱ ግን በፈቃደኝነት ነው። በፈቃደኝነት የሚከፈል መዋጮ እንዴት እንደሚሰበሰብ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ኩባንያ ካልን የጤፋችንን ነገር ሳናነሣ አንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ውል ተዋዋሉ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ እናቶቻችን ሲፈጩት፣ ሲያቦኩት የኖሩትን! ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ለኢትዮጵያ የደረሰው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የፈጠራ መብቱ ግን በሌሎች እጅ ቆየ። በመጨረሻ በኅዳር 2018 በሄግ ያለ ፍርድ ቤት፣ በሆላንድ የነበረው መብት አዲስ ፈጠራ የለበትምና አይጸናም ብሎ ሻረው። የመጀመሪያው ውል በጥሩ ቃላት የተሞላ ነበር። ቃል መልካም ሆኖ ጎተራ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በዚህ ረገድ አንድ ስም ልጥራ። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ በ2023 በሞት የተለዩን፣ በነዚህ ጉባኤዎች ለብዙ ዓመት የአፍሪካን ወገን ይዘው ተከራክረዋል። የዘርና የዕውቀት ባለቤት ገበሬው ነው የሚለው አሳብ በአፍሪካ ሕጎች እንዲገባ ከደከሙት አንዱ ናቸው።

በኛ አገር ሕግስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92፣ ሕዝብን በቀጥታ የሚነካ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍና ሲፈጸም ሕዝቡ አሳቡን እንዲገልጽ መብት አለው ይላል። በአንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሮች ለግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት አላቸው። አዋጅ ቁጥር 482/1998ም አለ። ይህ አዋጅ ስለ ዘር ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት ነው። ዕውቀታችሁን ወይም ዘራችሁን የፈለገ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ባህላችሁን ወይም ተፈጥሮአችሁን ይጎዳል ካላችሁ እምቢ ማለት ትችላላችሁ። መንግሥት ከዘር ሀብቱ በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅምም ግማሹ፣ 50 በመቶው፣ የማኅበረሰቡ ነው።

ሁለት ቃላት እንለይ። «ምክክር» እና «ፈቃድ»። ምክክር ማለት አሳባችሁን መስማት ነው፤ ሰምቶ የፈለገውን ማድረግም ይቻላል። ፈቃድ ማለት ግን ካልፈቀዳችሁ አይሆንም ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚናገረው ስለ ምክክር ነው፤ አዋጅ 482 ደግሞ ስለ ፈቃድ። ነባር ሕዝቦች በዓለም መድረክ የሚጠይቁት ፈቃድ ሦስት ነገር የተሟላበትን ነው። አንደኛ በነጻ የተሰጠ ይሁን፤ ማስፈራሪያ፣ ጉቦ፣ የእርዳታ ስንዴ ማስያዣ አይኑርበት። ሁለተኛ ቀድሞ የተሰጠ ይሁን፤ ዶዘሩ ከመጣ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ሦስተኛ ታውቆ የተሰጠ ይሁን። ሦስተኛው እናንተን በቀጥታ ይመለከታል። የማያነብ ሰው ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቱን ሲያሳርፍ፣ የፈቀደው የተነገረውን ነው እንጂ የተጻፈውን አይደለም። የተነገረውና የተጻፈው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይሆንም።

ስለዚህ በቀበሌያችሁ ስለ ደን ክለላ፣ ስለ ግጦሽ መዘጋት፣ ስለ ዘር መውሰድ ስብሰባ ሲጠራ ወረቀቱን ጠይቁ። በቋንቋችሁ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው ደግሞ ተቀብሎ ይድገመው። ድንበሩ ከየት እስከ የት ነው? የሚዘጋው ለስንት ዓመት ነው? ማን ይከፍተዋል? ማር ቆራጩ፣ ሳር አጫጁ፣ እንጨት ለቃሚዋ ምን ይሆናሉ? ይህ ካልተጻፈ ይጻፍ በሉ። ሴቶቹም ይናገሩ፤ ውኃና ማገዶ የሚያመላልሱት እነርሱ ስለሆኑ የምንጩን ነገር ከማንም በላይ ያውቃሉ። ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ ምን እንደተጻፈ አንብባችሁ ፈርሙ። አንድ ቅጂ በቀበሌ፣ አንድ ቅጂ በእድሩ ሣጥን ይቀመጥ።

ለንባብ ልምምድ «ፈቃድ»፣ «ድንበር»፣ «ቃለ ጉባኤ» የሚሉትን ቃላት በደብተራችሁ ላይ አምስት አምስት ጊዜ ጻፉ። ሰዓታችን ደርሷል። ደህና ሁኑ።